ሚስማር ያው ሚስማር አይደለም

ትሬሞንት ስለሚባለው የሚስማር ፋብሪካ የለጠፋችሁትን ጽሑፍ ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ1819 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ እንግሊዞች ያቃጠሉት የጥጥ ፋብሪካ ቦታ ላይ ተነስቶ ሁለት መቶ ዓመት ሚስማር መሥራት ቀልድ አይደለም። ግን ዋናውን ነገር ዘላችሁታል፤ ሰው እነሱ የሚሠሩትን የድሮ ዓይነት ሚስማር ዛሬም ለምን ይገዛል?

ጽሑፉ ሥር «ሚስማር ያው ሚስማር ነው» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ (የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንተ ስላልኩህ አትቀየመኝ) ተሳስተሃል። የኛ ሚስማር ከሽቦ ነው የሚሠራው፤ ክብ ነው፣ ጫፉም ሹል። ሹሉ የእንጨቱን ክር እንደ ሽብልቅ ግራና ቀኝ ይገፋዋል፤ ጣውላው ጠርዝ ላይ ከሆነ ጧ! ይሰነጠቃል። የነሱ ግን ከላሜራ የሚቆረጥ ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ ጫፉ ዱልዱም። ክሩን እየበጠሰ ስለሚገባ እንጨቱን ብዙም አይሰነጥቅም፤ አንዴ ከገባ ደግሞ መንቀሉ አበሳ ነው።

አባቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አናጺ ነበር። መጋዝና መዶሻ ሳይሆን አሮጌ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነበር የሚሳሳለት። ከሳጥን የነቀልነውን ጎባጣ ሚስማር እሱ ላይ የማቃናው እኔ ነበርኩ፣ አውራ ጣቴ ምስክር ነው። ጠርዝ ላይ ሊመታ ሲል ሚስማሩን ገልብጦ በአናቱ ሐዲዱ ላይ ያቆመውና ሹሉን ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል፣ ያዶለዱመዋል። ያኔ ሚስማር የሚያበላሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ የፋብሪካውን ሥራ በእጁ ነው የሚሠራው!

አሁን ከሱቅ የምገዛው 8 ቁጥር ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ በሁለተኛው ምት ይጎብጣል። ሐዲዷ ግን አሁንም በረንዳዬ ላይ አለች።