የእናቱ ስም ለምን ጠፋ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ያለ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው መብራት ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን። አንድ የእድራችን አባል እናቱ ማረፋቸውን ሊናገር መጣ። ጸሐፊያችን ኮምፒውተሩን ከፈቱ። የእናቱ ስም የለም። ከስድስት የቤተሰቡ ሰዎች የቀረው ሁለት ብቻ ነው። "በቀደም መብራት ሲጠፋ ነው የሄደው" ተባለ። ደግነቱ የድሮው ደብተር ስላልተጣለ ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ።

የእድሩን መዝገብ የያዘውን ፕሮግራም ኮድ ከፍቼ ሳየው ጥፋቱ የመብራት አይደለም። አባሉ ቀደም ብሎ የአንድ ልጁን ስም አሳርሞ ነበር። ፕሮግራሙ "ሴቭ" ሲባል የቤቱን ሰዎች በሙሉ ያጠፋል። ከዚያ አንድ በአንድ እንደገና ያስገባቸዋል። ሁለቱን አስገባ። ሦስተኛው ላይ የትውልድ ዓመት ሳይሞላ ታልፏል። ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት መዝገብ፣ አልቀበልም አለ፤ ፕሮግራሙም እዚያው ቆመ። ማጥፋቱ ግን ተፈጽሞ አልቋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ትራንዛክሽን ይባላል። ማጥፋቱና ማስገባቱ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ሁሉም ከተሳካ "ኮሚት" ይደረጋል፣ ይጸናል። አንዱ ከከሸፈ "ሮልባክ" ይደረጋል፣ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። የታወቁት ዳታቤዞች፣ ፖስትግሬስኪውኤልም፣ ማይኤስኪውኤልም፣ ኤስኪውላይትም ይህን ይችላሉ። (ማይኤስኪውኤል ላይ ሰንጠረዡ የድሮው ማይአይሳም ዓይነት ከሆነ ግን ሮልባክ አይሠራም። ይህን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።) ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ሰው በሀዘኑ ቀን የእናቱን ስም እንዳያጣ ይህን መጻፍ ለማንም ባለሙያ ሊከብደው አይገባም።

ከሙያ ጓደኞቼ የማልስማማው ከዚህ በኋላ ነው። "በትራንዛክሽን ከታሰረ አጥፍቶ መጻፍ ችግር የለውም" ይላሉ። ይገባኛል፤ ምን እንደተቀየረ ማወዳደር ስለማያስፈልግ ይቀላል። እኛም መጀመሪያ ያስተካከልነው እንዲያ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ጉድ መጣ። እድራችን ለታመመም ይደግፋል። ክፍያው ከሰውየው የመዝገብ ቁጥር ጋር ተያይዟል። ሰንጠረዡ ደግሞ "ሰውየው ሲጠፋ ክፍያውም አብሮ ይጥፋ" ተብሎ ተሠርቷል። ስለዚህ አንድ ስም በታረመ ቁጥር የቤቱ ሁሉ ክፍያ ይጠፋል። ስሞቹ በአዲስ ቁጥር ይመለሳሉ። ክፍያው አይመለስም። የስህተት መልእክትም የለም። ለዳታቤዙ ሁሉም ነገር ተሳክቷል። ትራንዛክሽን ሥራው ተጀምሮ እንዳይቀር ይጠብቃል፤ ሥራው ራሱ ስህተት ከሆነ ስህተቱን ከዳር ያደርሰዋል።

ይህን ለጸሐፊያችን ስነግራቸው ደብተራቸውን አወጡ። "ልጄ፣ እኔ አንድ ስም ሳርም ገጹን ቀድጄ አላውቅም። እሱ ላይ መስመር አሰምርና ከጎኑ እጽፋለሁ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተቀየረውን ብቻ ማረም፣ የተጨመረውን ብቻ ማስገባት፣ የወጣውን ብቻ ማውጣት። እሱንም በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ። አጥፍቶ መጻፍ ሌላ መዝገብ ያልተንጠለጠለበት ዝርዝር ላይ ብቻ ይሁን።

በሰሜን ሸዋ ለእድር ወይም ለገበሬዎች ማኅበር ፕሮግራም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሞክሩ። ለሙከራ ስድስት ሰው ያለበት ቤት መዝግቡ። ለአንዱ ክፍያ አስገቡ። ከዚያ አንድ ስም አርማችሁ ሴቭ አድርጉ፤ ክፍያው መኖሩን እዩ። ቀጥሎ የአንዱን የትውልድ ዓመት ባዶ አድርጋችሁ እንደገና ሴቭ በሉ። አልቀበልም ሲላችሁ ገጹን ዘግታችሁ ክፈቱትና ስድስቱን ቁጠሩ።