የአዳኞች ግዕዝ

ስለ ጅማ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቡናዋን፣ ማሯን፣ በርጩማዋንና በጂሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያነሣል። የከተማይቱ ትልቁ ቅርስ ግን እስከ ዛሬ ድረስ መዝጋቢ ሳያገኝ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሳሎን ውስጥ፣ በዕጣን ጢስና በጫት ገራባ መካከል፣ ሕያው ሆኖ ይኖራል። ይኸውም የአዳኞቻችን ማኅበር ነው። እኔ የማኅበሩ አባል አይደለሁም፤ ጠመንጃ የለኝም፣ መነጽሬን ካወለቅሁም ድኩላን ከጥጃ አልለይም። ይሁን እንጂ በጉርብትና ተጋብዤ ለሁለት ዓመት ያህል በሩ አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስላዳመጥኋቸው፣ ውለታቸውን በጽሑፍ ልመልስ ተነሥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው የሰዋስው ችሎታቸው ነው። እኛ ተራዎቹ ሰዎች ባለቤትና ተሳቢ፣ አድራጊና ተደራጊ የሚባሉትን ነገሮች ለፈተና ያህል አጥንተን ረስተናቸዋል፤ እነርሱ ግን አንድም ቀን ሳይሳሳቱ ይሠሩባቸዋል። ጥይቱ ያገኘ እንደ ሆነ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ምንጊዜም «እኔ» ነው፤ «ጣልኩት»፣ «አጋደምኩት»፣ «ዘረርኩት» ይባላል እንጂ «ወደቀ» አይባልም። ጥይቱ የሳተ እንደ ሆነ ደግሞ «እኔ» ቀስ ብሎ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣና ባለቤትነቱን ለሌላ ያስረክባል፤ ያን ጊዜ ጥይቱ ይስታል፣ ምንሽሩ ይከዳል፣ ነፋሱ ይዞራል፣ አጠገብ ያደፈጠው ጓደኛ ያስላል። በሁለት ዓመት ውስጥ «ሳትኩ» የሚለው ቃል ከአንዳቸው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ በአማርኛ መኖሩንም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሦስተኛ አገባብም አላቸው፤ እርሱ የሚሰማው በሩ ሲንኳኳ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን የተከለከለ መሆኑን ማኅበሩ አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ደብተር የያዘና የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስል እንግዳ ብቅ ካለ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት በአድራጊ ግስ ሲፎክር የነበረው ሳሎን በአንድ ጊዜ ወደ ተደራጊ ይዞራል፤ እንስሳው «ሞቶ ተገኘ»፣ ቀንዱ «መንገድ ላይ ወድቆ ታየ» ይባላል። ባለፈው ጥቅምት በባለቤቱ እጅ የወደቀውና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቀንድም «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ተብሎ ወደ ጣሊያን ዘመን ይመለሳል። የራሱን ጀብዱ ሙሉ በሙሉ ለአያቱ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ትሑት ትውልድ በየትኛው አገር ይገኛል?

ቃላቸውም ከሰዋስዋቸው አያንስም። «ግዳይ» የሚለው ቃል በአያቶቻችን ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን ለጣለ፣ በጆሮው ሎቲ ለሚያንጠለጥል፣ ራሱን ቅቤ ለሚቀባ ሰው የተጠበቀ ነበር። ማኅበሩ ይህ አድልዎ መሆኑን ተገንዝቦ ቃሉን ለድኩላም አድርሶታል። ድኩላ፣ ለማያውቀው አንባቢ፣ ከሰው ወገብ ብዙም የማይረዝም፣ ወንዱ ከ40 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን፣ ቅጠል በላተኛ እንስሳ ነው፤ በጥሻ ውስጥ ብቻውን መዋል ይወዳል፣ ሲደነግጥም እንደ ውሻ ይጮኻል። ከዚህ አስፈሪ ጠላት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ሰው ዘራፍ ቢል አይፈረድበትም። ባለፈው መስከረም ከአባላቱ አንዱ ምርቃናው በያዘው ሰዓት ብድግ ብሎ እንዲህ ሲል ፎክሯል፦

ዘራፍ! ገዳይ ገዳይ፣ የበለጠው ጫካ፣
ጥይቱ የማይስት፣ ቃሉ የማይለካ!

የፈረስ ስምም አውጥተዋል። በአባ ጅፋር አገር ያደገ ሰው የፈረስ ስም ክብር አይጠፋውም፤ ችግሩ ከአባላቱ መካከል ፈረስ ያለው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ የሚጓዙበትን ተሽከርካሪ ተከትለው ተሰያይመዋል፤ አንደኛው «አባ ባጃጅ» ይባላል፣ ሌላው የወንድሙን መኪና ሲዋስ «አባ ፒካፕ»፣ ሳይዋስ ደግሞ ስም የለሽ ነው።

ለእንስሳቱ የሚሰጡት የማዕረግ ዕድገትም ሊዘነጋ አይገባውም። አቦል ሲቀዳ ሚዳቋ የነበረችው ቶና ላይ ድኩላ ትሆናለች፤ በረካ ላይ አጋዘን ሆና ታርፋለች፣ ቡና ባያልቅ ኖሮ ጎሽ መሆኗ አይቀርም ነበር። በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ደጋ አጋዘን ራሱ ተገድሏል። በ10 ሳንቲማችን ላይ ምስሉን የምናውቀው ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት፣ እንደ ባሌና አርሲ ካሉ የአገራችን ደጋዎች በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለአውሮፓ ሳይንስም እንግዳ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከጣለው በኋላ ገና በ1910 ነው ስም የወጣለት። እንግዲህ ይህ ዘመናት ሙሉ በደጋው ተሸሽጎ የኖረ ፍጡር ከአርሲ ወርዶ፣ ስምጥ ሸለቆን አቋርጦ፣ ጊቤን ዋኝቶ፣ በጎረቤቴ ጥይት ለመሞት ጅማ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። ክብሩ ለሁላችንም ነው።

(በቅንፍ ልጨምር፦ ሴቷ ድኩላ ቀንድ የላትም፤ ከዚህም የተነሣ በማኅበሩ የቃል ታሪክ ውስጥ አንዲትም ሴት ድኩላ ተገድላ አታውቅም። ጨለማ ይሁን ጥሻ፣ የሚወድቀው ሁልጊዜ ወንዱ፣ ያውም ሽማግሌው ነው። ለሴቶች እንዲህ የሚጠነቀቅ ማኅበር በከተማችን ሌላ አላየሁም።)

ይህ ሁሉ በእኛ ብቻ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚታደነው፣ እኛ በትርጉም «አጋዘን» የምንለው ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ በአገራችን የለም፤ የእርሱ ቀንድ በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል፣ የእኛዎቹ ግን አንዴ ካበቀሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውት ይኖራሉ። ጀርመኖች ይህን እንስሳ የሚያድኑት በራሳቸው የአዳኝ ቋንቋ ነው፤ ደሙን «ላብ» ይሉታል፣ ከወደቀም በኋላ በአፉ ለምለም ቅርንጫፍ ያስነክሱትና «የመጨረሻ ጉርሻ» ይሉታል። እኛ የምናጎርሰው ቆሞ ለሚበላ ሰው ብቻ ስለሆነ በዚህ ቀድመውናል። አዳኝ የሚያጋንነውን ወሬ ደግሞ «የአዳኞች ላቲን» ብለው ይጠሩታል። እኛ ላቲን ስለሌለን የማኅበራችንን ቋንቋ «የአዳኞች ግዕዝ» ብንለው መልካም ነው፤ ቅኔ አለው፣ ወርቁ ግን ምንጊዜም ተናጋሪው ራሱ ነው። ከወጣቶቹ አባላት አንዱ የፈረንጆቹን አደን በስልኩ ካየ ወዲህ ቅርንጫፍ መቁጠር ጀምሮ፣ በሰቃ በኩል «ባለ ስምንት» ድኩላ እንደጣለ በእናቱ ስም ምሏል። ድኩላ ቀንዱ ሁለት ነው፤ ነገር ግን አራት ሆነው ቆመው ሊሆን ስለሚችል አልተከራከርኩም።

በመለካትም ረገድ ልዩነት አለን። አሜሪካኖቹ በ1887 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ሩዝቬልት ያቋቋሙት ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለ ክለብ አላቸው፤ በደንቡ መሠረት ቀንድ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ 60 ቀን ሳይደርቅ በይፋ አይለካም፤ ከዚያም ኢንች ለስምንት ተከፍሎ ይለካል። ምስኪኖች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ 60 ቀን የቆየ ቀንድ ያጥራል፤ በእኛ ሳሎን 60 ቅዳሜ የቆየ ቀንድ ያድጋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ስንዝር ተኩል የነበረው፣ ለገና ክንድ ሞልቶ፣ ለፋሲካ ባለቤቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ከዚህ እስከዚህ» ለማለት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በክርኑ መግፋት ግድ ሆኖበታል። ቀንዱ ራሱ በዚያው ሰዓት፣ ከተናጋሪው ራስ በላይ፣ በዋንዛ ጣውላ ላይ ተቸንክሮ፣ ስንዝር ተኩል ሆኖ ተሰቅሏል። ስምንት ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። አንድም ሰው ቀና ብሎ አያየውም።

የጓደኝነታቸውን ጥልቀት የተረዳሁት በዚህ ነው። ማኅበሩ ዕቁብ ነው። ሌላው ዕቁብ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ይህኛው የሚሰበስበው እምነት ነው። ሁሉም በየሳምንቱ ጆሮውን ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይናገራል፤ ዛሬ የአንተን ነብር ሳላላምጥ ከዋጥሁልህ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎሼን ሳታላምጥ ትውጥልኛለህ። አንድ ጊዜ ብቻ ደንቡ ተጥሶ ያውቃል። የአንደኛው አባል እኅት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከአጎቱ ጋር መጥቶ በጣም በአክብሮት «ጋሼ፣ የሚሉት ቀንድ ይኼኛው ነው?» ብሎ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። በሳሎኑ ውስጥ የወረደውን ጸጥታ በለቅሶ ቤት እንኳ አላየሁትም። ጀበናው ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ የቤቱ ጌታ ጉሮሮውን ጠርጎ «የዛሬ ልጆች አስተዳደግ ተበላሽቷል» አለ፣ ሁሉም «እውነት ነው» አሉ፣ ወሬውም በነበረበት ርዝመት ቀጠለ። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ሥጋውስ የት ይደርሳል ለሚል አንባቢ መልሱ አጭር ነው፦ የትም አይደርስም። ማኅበሩ ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት፣ በመከባበር የሚኖር ማኅበር ነው፤ የወደቀው እንስሳ ለአንደኛው ቢስሚላህ ሳይባልበት የሞተ ይሆንበታል፣ ለሌላው ዕለቱ ረቡዕ ይሆንበታል፣ ስለዚህ አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም ሲሉ ለጅብ ትተውት ይመጣሉ። ባዶ እጅ ቤት መግባት ነውር ስለሆነ ግን መንገድ ላይ ከሉካንዳ ሁለት ኪሎ ይገዛሉ። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን ሥጋውን ስትከትፍ ቆይታ ብቅ አለችና «ዘንድሮ ድኩላው ሁሉ ቄራ ማኅተም እየተመታለት ነው እንዴ የሚያድገው?» ብላ ተመለሰች። ማንም አልሰማትም፤ ዕጣ አልወጣላትምና።

ባለፈው ዓመት እኔም ወደ አደኑ እንድሄድ ተጋበዝኩ፤ ምስጋናዬ ያለዚህ ታሪክ ጎዶሎ ይሆናል። ወንድምየው ፒካፑን አውሶን አምስት ሆነን በቦንጋ መንገድ በለጠ ወደሚባለው ጫካ ወጣን። የተጫነው ጓዝ ሁለት ጀሪካን ብርዝ፣ በኮባ የተጠቀለለ ጫት፣ ሦስት በርጩማ፣ አንድ ጀበና፣ እንዲሁም ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጥ አንዲት ምንሽር ነበር። ቀኑን ሙሉ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ዋልን። ከአምስት የማያንሱ ጎሾች፣ ሁለት ነብሮችና ቁጥራቸውን የዘነጋኋቸው ድኩላዎች በዚያ ዛፍ ሥር ወደቁ፤ ምንሽሯ ግን ከፒካፑ አልወረደችም፣ ጤዛ እንዳይመታት ተብሎ።

ሲመሽ ከጫካው ጥግ በቆሎውን ከከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድር አንድ ገበሬ ወርዶ እሳት አነደደልን፣ እሸትም ጠበሰልን። ውሻውን ነብር ከወሰደበት ወዲህ ብቻውን እንደሚጠብቅ ነገረን። የማኅበሩ አንጋፋም አጋጣሚውን ሳያሳልፍ፣ የድኩላን ጠባይ ከነዱካው፣ ከነመኝታው፣ ከነውኃ መውረጃው በሰፊው ያስረዳው ጀመር፤ ሰውዬው በቆሎውን እያገላበጠ በትዕግሥት ያዳምጣል።

በዚህ መካከል ከጥሻው ውስጥ፣ ከእኛ ሃያ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ደረቅ ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ጊዜ፣ ጥቂት ቆይቶም ደግሞ።

አንጋፋው ንግግሩን አቋርጠው ተቆጡ። «ይሄ የማን ውሻ ነው? እሰሩት እንጂ! አውሬውን ሁሉ ሊያባርርብን ነው እኮ!»

ገበሬው ወደ ጥሻው አየ፣ ከዚያም ወደ እኔ፣ ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እሺ ጋሼ፣» አላቸው፤ «ነገ አስረዋለሁ።»