ፊቱ ሙሉ፣ ጀርባው ባዶ

ባዶ መደርደሪያን ሙሉ ማስመሰል የተማርኩት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. 2008 ሊያልቅ አካባቢ። ቀን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ማታ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ። የመደብሩን ስም ተዉት።

ሥራው ቀላል ነው። መደብሩ ሲዘጋ ከኋላ ካለው መጋዘን ካርቶን በጋሪ እያመጣን የተሸጠበትን ቦታ እንሞላለን። ኖቬምበር ላይ ግን ጋሪው ባዶውን መመላለስ ጀመረ። የማታ አለቃችን አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ነበረች። ጠራችኝና አሳየችኝ። ሦስት ካሜራ ብቻ ከቀረ ሦስቱንም እስከ ጠርዙ ትጎትታለህ፤ ጎን ለጎን ታቆማቸዋለህ። ቦታ ከተረፈ ካርቶኑን በወርዱ ታዞረዋለህ። ከፊት ለሚያየው ግድግዳ ይመስላል። እጅህን ብትሰድ ግን ከኋላው አየር ነው። ድመት ብትወልድበት የሚያውቅባት የለም።

«ሰው ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ይሸሻል» አለችኝ። ስለ ደንበኛ ነው ያወራችው። እኔ ግን እሷም የፈራች መሰለኝ።

ግራ የገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ያ ሰሞን ኢኮኖሚው የተንኮታኮተበት ነው። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ሴፕቴምበር 15 ከስሯል። ቤቱን ባንክ የወሰደበት ሰው በየሰፈሩ አለ። ፓርኪንጉም ጋ መኪናው ስለቀነሰ ሰዓታችን ተቀንሷል። እንግዲህ ሰው ካልገዛ ዕቃው መትረፍ፣ መቆለል አልነበረበትም? የት ገባ?

የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ማለት ቲማቲም ነው። ዛሬ አንጀት የሚበላ ቴሌቪዥን ዓመት ሳይሞላው አዲሱ ሞዴል ይመጣበትና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መጋዘን ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ዋጋው ይበሰብሳል። ስለዚህ ነጋዴው ክፉ ጊዜ ሲሸተው መጀመሪያ የሚቀንሰው የሚያዘውን ዕቃ ነው። ዕቃ ከሚተርፈኝ ገዢ ይቅርብኝ ይላል። የገናውን ዕቃ ደግሞ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው፤ ከቻይና በመርከብ የሚመጣ ነገር ዛሬ ተጠርቶ ነገ አይደርስም። ሰው የለም ብለው ቀነሱ። የመጣውም ሰው «አልቋል» ተባለ።

ደግሞ የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ችግር መሀል ጨርሶ የማይገኝ ዕቃ ነበር። ኔንቲዶ ዊ የሚባለው የልጆች ጌም። በ2006 ነው የወጣው፣ በ250 ዶላር፤ ሁለት ዓመት ሞልቶትም ሰው በጠዋት ይሰለፍለት ነበር። በ2008 ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ነገሩ ሲታሰብ ያስኬዳል። ሽርሽር የቀረበት ቤተሰብ ልጆቹን በምን ያጫውት? እኛ ጋ ሲመጣ መደርደሪያ አይደርስም፤ ከጋሪው ላይ ነው የሚያልቀው። አንዳንዱ ገዝቶ እዚያው ኢንተርኔት ላይ አትርፎ ይሸጠዋል። አየር ባየር የመርካቶ ብቻ የሚመስለው ካለ ይሳሳታል።

የዚያን ዘመን ትልቁ ሬሳ ግን ሰርኪት ሲቲ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ እኛው ስቴት፣ ሪችመንድ ነበር። በ1949 የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት። በ2007 ደመወዛችሁ ከገበያው በዛ ብሎ 3,400 ሠራተኛ አባርሯል። ነገር የሚያውቁት፣ ደንበኛ የሚያስረዱት እነሱ ነበሩ። በኖቬምበር 10 ቀን 2008፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ከዚያ በፊት ነበር ዕቃ አቅራቢዎቹ በዱቤ መስጠቱን እየተዉ ገንዘቡን አስቀድም ማለት የጀመሩት። ልብ በሉ፣ የአገሬ ሱቅ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ብሎ የሚለጥፈው ዓይነት ነገር ነው። ዱቤ ሲቆም መደርደሪያው ሳሳ። መደርደሪያው ሲሳሳ ደንበኛው ወደ ሌላ ሄደ። በጃንዋሪ 2009 የቀሩትን 567 መደብሮች ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ፤ ማርች ላይ የመጨረሻዎቹ በሮች ተዘጉ። ከ30,000 በላይ ሰው እንጀራውን አጣ።

ማጣሪያ ሽያጭ ላይ መደርደሪያው ራሱ ሳይቀር ይሸጣል። አንድ ወዳጄ ከአንዱ የሚዘጋ መደብር ያንን ብረት በርካሽ ገዝቶ ሱቁ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ደርድሮበታል። ዛሬም ስሄድ ዋጋ የሚለጠፍበትን የፕላስቲክ ጠርዝ አየዋለሁ። ሽሮው ሁሌ እስከ ኋላ ሙሉ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን የእማማን ነገር ነው። ከእኛ ፎቅ በታች ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ቴሌቪዥን ግን ያያሉ። ቴሌቪዥናቸው ደግሞ ባለ አንቴናው፣ ሆዱ ትልቁ ነው። ያን ጊዜ መንግሥት የድሮውን የቴሌቪዥን ስርጭት አቋርጦ ወደ ዲጂታል ሊሄድ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2009 ብሎ ቆርጧል። ኬብል የሌለው ሰው መቀየሪያ ሳጥን መግዛት አለበት። ለዚህም መንግሥት የ40 ዶላር ኩፖን ይሰጣል፤ ለአንድ ቤት ሁለት፣ ዘጠና ቀን የሚያገለግል። እማማ ኩፖኑን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና «ልጄ፣ አንተ ዕቃው ቤት ነህ አሉ፤ በል አምጣልኝ» አሉኝ።

ሳጥኑ የለም። በየሳምንቱ እጠይቃለሁ፣ የለም። ኮምፒውተሩ ላይ አሥራ ሁለት አለ ይላል፤ መጋዘን ስገባ አንድም የለም። በመጨረሻ ኩፖኑ ቀኑ አለፈ። ሌላ እንጠይቅ ስንል በጃንዋሪ መጀመሪያ ለኩፖን የተመደበው ገንዘብ አልቆ ሕዝቡ ተራ ጠባቂ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ያውም በሚሊዮን። አሜሪካ ውስጥ ወረፋ! ነገሩ የከፋ መሆኑን ሲያዩት ቀኑን ወደ ጁን 12 ገፉት። እማማ ይህን ስነግራቸው አልገረማቸውም። «ታዲያ ቀበሌ ብትሄድ አይሻልም?» ነው ያሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ሁሉ ወራት «ለኔ ብለህ ከኋላ አንዷን ፈልግልኝ» ያለኝ አሜሪካዊ አልገጠመኝም። ኮምፒውተሩ የለም ካለ፣ የለም። ያምናል፤ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት አለ ብሎ ሳጥኑ ሲጠፋ እንኳ ማንም አልተደበቀም ወይ አላለም። እንዲያ ያሰቡት እማማ ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ መርካቶ ልውሰዳችሁ። ነሐሴ 2016፣ በእኛው አቆጣጠር።

የእናቴ ፍሪጅ መብራት ሄድ መጣ ሲል ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል። እኔም ለእረፍት ስገባ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ልንገዛ ወጣን። ጊዜውን ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 22 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት ባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ ካርቶን ስጎትት አንድ ዶላር 10 ብር ገደማ ነበር። ይህን የማነሳው ልቤ ስለሚያመኝ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ወንድሜ ከታክሲ ሳንወርድ አስጠነቀቀኝ። «አንተ አትናገር። አፍህን ስትከፍት ዋጋ ይጨምራል።» እሺ አልኩ።

የመጀመሪያው ሱቅ፣ አንድ ፍሪጅ ቆሟል። ዋጋው? «ዛሬ ዋጋ አልወጣም።» ሁለተኛው፣ ባለሱቁ ስልኩ ላይ የባንኮችን ምንዛሪ ያያል፤ ቀና ብሎም አላየን። ሦስተኛው በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ታሽጓል። ያ ሰሞን ያለ አግባብ ዋጋ ጨመራችሁ፣ ዕቃ ደበቃችሁ ተብለው የታሸጉ ሱቆች ነበሩ። አራተኛው ባለሱቅ ልጅ እግር ነው፤ ሃያ አምስት ቢሆነው።

«ጋሼ፣ ያዩት ሳምፕል ነው» አለኝ። ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም።

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

ወንድሜ ገባበት። «የለም ነው ወይስ የለም?»

ልጁ ሳቀ። ጥያቄው ገብቶታል። እኔም ከዓመታት በኋላ ያን ቋንቋ በመስማቴ ደስ አለኝ። አማርኛ «የለም» ስንት ዓይነት እንዳለው የሚያውቅ እዚያ የቆመ ሰው ነው። ጨርሶ የለም አለ። ለአንተ የለም አለ። ዛሬ የለም አለ። ሰው እስኪወጣ ድረስ የለም አለ።

ወንበር ሰጠን። ሻይ አዘዘ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ጋሼ፣ ይቺን ፍሪጅ አሁን ብሸጥልዎ ደስ ይለኛል። ግን በሚሰጡኝ ብር ነገ መተኪያዋን አላገኝም። ፍሪጄን ሸጬ ብር ይዤ ምን ልሁን?»

የቨርጂኒያዋ አለቃዬ ትዝ አለችኝ። እሷ ጋ ነጋዴው የሚፈራው ዕቃውን ነው፤ እጁ ላይ እንዳይበሰብስ። ይህ ልጅ የሚፈራው ብሩን ነው፤ እሱም እጁ ላይ እንዳይበሰብስ። ስለዚህ እዚያ ፊቱን እየሞላን ጀርባው ባዶ ነበር። እዚህ ፊቱ ባዶ ነው፤ ጀርባው ግን ሊሞላ ይችላል። ገዢውም እንደዚያው። አሜሪካዊው ዕቃ ሳይገዛ ዶላሩን ይይዛል፤ እኛ ጋ ብሩን አውጥቶ ዕቃ ይይዛል። ካርቶኑ ሳይከፈት ሳሎን የተቀመጠ ሁለተኛ ፍሪጅ ዘመድ ቤት አይቻለሁ። ባንክ ደብተር ነው እሱ።

እዚህ ውጭ ስንሰበሰብ፣ ቡና ላይ፣ የአገር ቤት ነጋዴ ስግብግብ ነው ማለት እንወዳለን። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ስግብግብ የለም አልልም፤ አለ፣ ያውም ሞልቷል። ግን ዓመታቱን አስቡት። አስመጪው ባንክ ሄዶ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ልክፈት ሲል ወረፋ ይይዛል። የውጭ ምንዛሪው ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለመድኃኒት ይቅደም ይባላል፤ ደግሞም ትክክል ነው፣ ማዳበሪያና ቴሌቪዥን ይወዳደሩ የሚል የለም። ወሩ ይገፋል። በጥቅምት 2015 ደግሞ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ምንዛሪ እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ የቤት መኪና፣ ሽቶ፣ መጠጥ እያለ ይቀጥላል። ክልከላው የተነሳው ከምንዛሪው ለውጥ ጋር ነው። በዚህ መሀል ሱቁን ሳይዘጋ የቆየ ሰው፣ ዶላሩን ከየት እንዳመጣው ባይጠየቅ ይሻላል። የሸቀጡም ዋጋ የሚሰላው ባንክ በለጠፈው ሳይሆን እሱ ባገኘበት ነው።

ሌላው መጋዘን የእኛ ሻንጣ ነው። ከዲሲው ኤርፖርት ከደለስ አዲስ አበባ ሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ። ትኬት እንደቆረጥኩ ስልኬ ይጨናነቃል። «ላፕቶፕ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይከብድህም።» ሁሉም ቀላል ነው፤ ሲደመር 50 ኪሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ጊዜ የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ፈልጋ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ቤት ገብቶ አሜሪካም ርካሽ ላፕቶፕ የጠፋበት ሰሞን ነው። አሜሪካ ሆኖ ላፕቶፕ የለም ብሎ ማሳመን እንዴት እንደሚያቅት ልነግራችሁ አልችልም። «አጎቴ ተቀየረ» ተባልኩ። ፎቶ አንስቼ ባዶውን መደርደሪያ ላኩላት። «ሌላ ሱቅ ሞክር» ብላ መለሰች። ከምር የለም ወይስ የለም፣ ማለቷ ነው።

ፍሪጁ በማግስቱ ማታ ተገኘ። ልጁ ለወንድሜ ደወለ፤ «አንድ ሰው ጋ ነበረች» አለው። በጭነት መኪና፣ በሸራ ተሸፍና መጣች። ዋጋው ከትናንቱ ከፍ ብሏል፤ አልተከራከርንም። እናቴ ካርቶኑን አትቅደዱ ብላ ጮኸች። ሱቅ ባለቤቱ ራሱ አብሮ ስለመጣ ቡና ተፈላለት። አቦል ጠጥቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«የፊታችን ማክሰኞ።»

«እሱን አይደለም። መልሰው የሚመጡትን ማለቴ ነው።»

ምናልባት ለገና አልኩት። ስልኩን አውጥቶ የአንድ ላፕቶፕ ፎቶ አሳየኝ። ቀጥሎ የሌላ። ቀጥሎ የስልክ። ዕቃ ልገዛው የሄድኩት ሰውዬ ነው እንግዲህ።

«ሁለት ሻንጣ አይደል የሚፈቀድልዎ?» አለኝ። «ስንት ስንት ኪሎ ነው?»