ክርክር፦ የኬሚካል ምህንድስና መምህሮቻችን ምን ላይ ይመራመሩ?

በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ጆርጂያ ቴክና በርክሌይ የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የድሮውን የኬሚካል ምህንድስና ክፍል ዛሬ «የኬሚካልና የባዮሞለኪውል ምህንድስና» ይሉታል። ባዮሞለኪውል ማለት ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ የሚገኝ እንደ ፕሮቲን ያለ ሞለኪውል ነው። ከመምህራኑም ብዙዎቹ የሚመራመሩት በኢንዛይም፣ በመድኃኒትና በሕዋስ ላይ ነው። የእኛ አካባቢ መምህራንስ በዚያው መንገድ ይሂዱ ወይ? ሁለት ሰዎች ጽፈውልናል። አንደኛው ድሬዳዋ ውስጥ በፋብሪካ ሥራ ዕድሜያቸውን የገፉ መሐንዲስ ናቸው። ሁለተኛዋ ሐረር ተወልዳ ያደገች የባዮቴክኖሎጂ ባለሙያ ናት።

ከድሬዳዋ

ዛሬ ጠዋት የቤቴን ማንቆርቆሪያ ገልብጬ አየሁት። ታቹ ላይ ነጭ ድንጋይ ተጋግሯል። በማንኪያ ጫፍ ብፈነቅለው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ወጣ። ይሄንን የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ስናፈላው ካልሲየሙ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

በቤት ውስጥ ጉዳቱ ማንቆርቆሪያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ሌላ ነው። ድንጋዩ የቦይለር ቱቦ ላይ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍም፣ ስለዚህ ነዳጅ ይበላል። ሲብስ ቱቦው ይፈነዳል። በወጣትነቴ የምሠራበት ቦታ አንድ ቦይለር ቆሞብን ሁለት ቀን ሙሉ ቱቦዎቹን በብረት ዘንግ ስንፈገፍግ አደርን። እጄ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። ያኔ «ይሄን የሚያጠና አንድ መምህር እንኳ የለም?» ብዬ ነበር። ዛሬም የምለው እሱኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሲሚንቶ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1,450 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ ነው። ብዙ ሰው ካርቦኑ ሁሉ ከነዳጁ የሚወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከግማሽ በላዩ የሚለቀቀው ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ምድጃውን የቱንም ያህል ብታሻሽለው አይበቃም፤ የሲሚንቶውን አሠራር መቀየር አለብህ። ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ፕሮፌሰር ካረን ስክሪቨነር የመሩት ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ይሄንኑ ሠርቷል። ከክሊንከሩ (ከምድጃው ተቃጥሎ ከሚወጣው የሲሚንቶ መሠረት) ግማሹን ያህል አውጥተው በምትኩ የተቃጠለ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨምራሉ። ሸክላው 800 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል።

ድንጋዩ እዚህ፣ ፋብሪካው እዚህ፣ ተማሪው እዚህ አለ። ታዲያ መምህሩ ስለ ምን ብሎ ቦስተን ላለ መጽሔት ስለ ፕሮቲን ይጽፋል?

ከሐረር

ጋሼ፣ የቦይለሩን ነገር ሳነብ እጅዎን ያየሁት ያህል ተሰማኝ። ግን ባዮሞለኪውልን የባዕድ አገር ቅንጦት አድርገው ማቅረብዎ አልተዋጠልኝም።

እናቴ ሊጥ ስታቦካ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ለሚቀጥለው ታስቀምጠዋለች። እርሾ ነው፤ ማን አያውቀውም? እዚያች ጣሳ ውስጥ እልፍ እርሾና ባክቴሪያ አለ። የባዮሞለኪውል ምህንድስና ከዚች ጣሳ የራቀ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ጣሳው ትልቅ ታንክ መሆኑ፣ ሙቀቱና አየሩ መለካቱ ነው። ፔኒሲሊን በመጀመሪያ በጠርሙስ በጠርሙስ ነበር የሚመረተው። ለብዙ ሰው የደረሰው ማርጋሬት ሃቺንሰን ሩሶ የምትባል የኬሚካል መሐንዲስ መድኃኒቱን የሚሰጠውን ሻጋታ በትልልቅ ታንክ የሚያሳድግ ፋብሪካ ከነደፈች በኋላ ነው። ዛሬ የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊንም በባክቴሪያና በእርሾ ነው የሚመረተው።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 በበጋው ወራት ከተማዋን ወባ መታት። በ2019 ዓመቱን ሙሉ የተመዘገበው 205 ሰው ነበር። በ2022 በአምስት ወር ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ሳይቀር ተነካ። ያመጣችው ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ናት። እንደ ድሮዋ ትንኝ ዝናብና ኩሬ አትጠብቅም። በርሜልና ታንከር ውስጥ ትፈለፈላለች። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰው ደግሞ በርሜል መሙላቱ አይቀርም።

ለወባ የምንወስደው ኮአርተም መሠረቱ አርቴሚሲኒን ነው፤ ከቻይና ቅጠል የሚወጣ። የበርክሌዩ የኬሚካል መሐንዲስ ጄይ ኪስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 የዚህን መድኃኒት መነሻ አሲድ በእርሾ ማምረት እንደሚቻል አሳየ። ወባ የሚያመው እኛን ሆኖ መፍትሔውን ሁልጊዜ ካሊፎርኒያ ይሥራልን? እኔ ይሄ ያንገበግበኛል።

ከድሬዳዋ

ልጄ፣ ታሪኩን ግማሽ መንገድ ላይ ነው የተውሽው። ያንን እርሾ የፈረንሳዩ የመድኃኒት ኩባንያ ሳኖፊ ወስዶ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ በፋብሪካ ደረጃ አመረተበት። ከዚያስ? ገበሬው የሚያበቅለው ቅጠል ዋጋው ወረደና የፋብሪካው መድኃኒት ዋጋ ከሱ በለጠ። በ2015 ምርቱ ቆመ፣ ፋብሪካውም ለሽያጭ ቀረበ። እዚያ ምርጥ ሳይንስ ነበር፣ ገንዘብም ነበር። ያሸነፈው ግን ቅጠሉ ነው።

አሁን የእኛን ላብራቶሪ አስቢ። የሕዋስ ናሙና ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥበት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይፈልጋል። ሌሊት መብራት ሲጠፋ ማን ይጠብቀዋል? ኬሚካሉ በዶላር ነው፣ ጉምሩክ ላይ ደግሞ ይቆያል። የአንድ ወጣት መምህር ሦስት ዓመት እንዲህ ሲባክን ማየት አልፈልግም። የእኔ ድንጋይ ፍሪዘር አይፈልግም።

ከሐረር

የሳኖፊውን ተቀብያለሁ፤ እውነት ነው። ፍሪዘሩንም አልክድም። እንግዲያው ፍሪዘር የማይፈልገውን ላንሳልዎት፣ ከእርስዎ ማንቆርቆሪያ ሳልወጣ።

ከድሬ ውሃ የሚያዩት ድንጋዩን ነው። የማይታየው ናይትሬት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ጨው ነው። በድሬ የጉድጓድ ውሃ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሳቢያን አካባቢ ናይትሬቱ ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። አንዱ ምንጩ ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ መሬት የሚሰርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ ዱቄት ወተት በዚያ ውሃ ተበጥብጦ ለሚሰጠው ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ጋሼ፣ ውሃ ማፍላት ካልሲየሙን ድንጋይ አድርጎ ያወጣዋል። ናይትሬቱን ግን አያወጣውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን በቀረው ውስጥ በሊትር ያለው መጠን ከፍ ይላል።

ናይትሬትን በልተው ወደ ተራ ናይትሮጅን አየር የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። አፈር ውስጥ ሞልተዋል፣ ከውጭ አይገዙም። የሚፈልጉት የሚጣበቁበት ነገርና የሚመገቡት ካርቦን ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ሲበተን መሬቱን የሚሸፍነውን ገራባ፣ የጫቱን ትራፊ፣ ያስቡ። ፍየል በልቶ የተረፈው እንጨቱ ይቀራል። እሱን አክስሎ ማደሪያ ማድረግ ይቻላል ወይ? ለባክቴሪያውስ ምግብ ይሆናል ወይ? ውሃው ቀለምና ሽታ ይይዝ ይሆን? ጫት ላይ የተረጨው ፀረ ተባይስ የት ይገባል? አንድ መምህርና አራት ተማሪ በሁለት ዓመት ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው። ይሄ ባዮሞለኪውል ነው፣ ጋሼ። ድንጋይ ብቻ የሚያጠና ሰው አይደርስበትም።

ከድሬዳዋ

ናይትሬቱን አላሰብኩትም ነበር። ምራቴ ለልጇ ወተት የምትበጠብጠው በዚሁ ውሃ ነው። ዛሬ ማታ እነግራታለሁ።

ግን አንድ ነገር አልለቅም። የምትይው ታንክ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚያልፍበት፣ ባክቴሪያው ሲወፍር ቧንቧው እንዳይደፈን፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ባክቴሪያ ይዞ እንዳይሄድ፣ ይሄ ሁሉ የድሮው ኬሚካል ምህንድስና ነው። የክፍሉን ስም ከለወጡ በኋላ ይሄንን ኮርስ የሚቀንሱ ከሆነ ባክቴሪያሽ ጣሳ ውስጥ ነው የሚቀረው። ታንኩን ለመንደፍ የሚመጣ መምህር ካለ ግን ቦይለር ቤት ያየሁትን ሁሉ አስረዳዋለሁ። ሳቢያን ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ጀሪካን እኔው እቀዳለታለሁ።