ለአንድ ጊዜ ዋንጫ የቀረበ ውዳሴ

የእግር ኳስ አመራሮች ምን ሠሩልን ብሎ የሚያማ ሰው የመታሰቢያ ዋንጫን ውለታ የዘነጋ ነው። መደበኛ ውድድር ጣጣው ብዙ ነው፤ ሻምፒዮኑ ክብሩን ለማስጠበቅ በየዓመቱ እንቅልፍ ያጣል። ለመታሰቢያ የሚዘጋጀው ግን አንድ ጊዜ ይደረጋል፣ ዋንጫ ይነሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ አበቃ። አሸናፊው እስከ ዕለተ ምጽአት ሻምፒዮን ነው። የሚታሰበው ነገር ምን ነበር የሚል ሰው ከመጣም ዋንጫው ላይ ተቀርጿል፤ ጠጋ ብሎ ያንብብ።

በዚህ ጥበብ የስኮትላንዷን ግላስጎውን የሚያህል ከተማ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1938 የብሪታንያን ግዛት ገናናነት የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ለስኮትላንድና ለእንግሊዝ ክለቦች ዋንጫ ተዘጋጀ። የከተማዋ ክለብ ሴልቲክ የእንግሊዙን ኤቨርተንን በጭማሪ ሰዓት 1 ለ0 ረትቶ ወሰደው። ዋንጫው የተሠራው በኤግዚቢሽኑ ግንብ አምሳል ነበር። ግንቡ በዓመቱ ፈረሰ፤ ግዛቱም ውሎ አድሮ ተበታተነ፤ ዋንጫው ግን አለ። ከዚህ የበለጠ ታማኝ ሐውልት ከየት ይመጣል?

በ1951 የብሪታንያ ፌስቲቫል ሲከበር ደግሞ በከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ በሙንጎ ስም ሌላ ዋንጫ ቀረበ። ሴልቲክ አበርዲንን 3 ለ2 አሸነፈ። የድሉ ደስታ ገና ሳይበርድ ግን የሚዘል ዓሣ መስሎ ከተሠሩት እጀታዎች አንዱ ተነቅሎ ወጣ። ዋንጫው ለጥገና ሲሄድ ጉዱ ፈላ፤ ለካስ የተሠራው በ1894 ኖሯል! መጀመሪያ ለጀልባ ውድድር፣ ኋላም አንድ የጋዝ ፋብሪካ ቡድን ለተሳተፈበት ግጥሚያ አገልግሏል። ምስጋና ቢስ ሰው «አሮጌ ዕቃ አሸክመው ሸኙን» ብሎ ይቀየም ይሆናል። እኔ በበኩሌ ቆጣቢነቱ ማርኮኛል፤ ለአንድ ሰሞን በዓል አዲስ ብር ማቅለጥ ምን ይሉታል? ደግሞስ ጀልባን፣ ጋዝንና ቅዱስን አከታትሎ ያከበረ ሌላ ዋንጫ ማን አይቷል?

በ1953 ለዳግማዊት ኤልሳቤጥ ሥርዓተ ንግሥ ስምንት ክለቦች ተጋበዙ። የፍጻሜው ጨዋታ የተደረገው ንግሥቲቱ ዘውድ ከመጫናቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ያልተፈጸመውን ነገር ቀድሞ መታሰቢያ ማድረግ፣ አርቆ አሳቢነት ማለት ይህ ነው። ዋንጫውን የወሰደው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ የአየርላንድ ስደተኞች የመሠረቱት ያው ሴልቲክ ነው። በቤተ መንግሥት ወዳድነት ከማይታሙ ደጋፊዎች የቀረበ ስጦታ አድርገን እንውሰደው።

የአክባሪዎች ሁሉ አለቃ ግን የእንግሊዝ ሊግ ነው። በ1888 በ12 ክለቦች የተመሠረተው ይህ ሊግ መቶኛ ዓመቱን በአንድ ድግስ ማሳለፍ አልሆነለትም። በነሐሴ 1987 ማራዶና የተሰለፈበትን የዓለም ምርጥ ቡድን በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ገጠመ። በሚያዝያ 1988፣ ክለቦቹ የዓመቱን ውድድር ለመጨረስ ሲራወጡ፣ 16ቱን እዚያው ዌምብሌይ ሰብስቦ በሁለት ቀን አጫወታቸው። አሁንም አልጠገበም፤ በመኸሩ ሌላ የመቶኛ ዓመት ዋንጫ አዘጋጅቶ አርሰናል ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ1 አሸንፎ አነሳው። አንድን ልደት ከዓመት በላይ ማክበር ለሚችል ሰው ባርኔጣ ይነሳለታል።

የሚያዝያውን ግን ለብቻው ላወድሰው። ለመቶ ዓመት ታሪክ የተመደበው የአንድ ጨዋታ ጊዜ 40 ደቂቃ ነበር፤ ለአንዱ አጋማሽ 20 ደቂቃ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ላብ ሳያወጣ፣ ተመልካቹም ወንበሩ ሳይሞቅ ፊሽካ ይነፋል። አቻ ከተለያዩ ወደ መለያ ምት! ለፍጻሜው ልዩ ክብር 60 ደቂቃ ተፈቀደለት፤ ኖቲንግሃም ፎረስትና ሼፊልድ ዌንስደይም ስልሳውን ደቂቃ ያለ ምንም ጎል በጨዋነት አሳለፉ። ፎረስት በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የመቶ ዓመቱ ጌታ ሆነ።

በ2038 ሊጉ 150 ዓመት ይሞላዋል። አዘጋጆቹ ምክር ከተቀበሉ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ቢቻል ደግሞ ኳሱ ከመጀመሪያው ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ላይ ይቀመጥ።