ቤተ መንግሥቱ ምሳ ወጥቷል

ፈረንሳይ ገጠር፣ አንድ ትንሽ ግንብ በር ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ከመዳፍ አትበልጥም። ከ12፡00 እስከ 14፡00 ዝግ ነው ትላለች። ከወረቀቷ ጀርባ ያለው ግንብ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን የመቶ ዓመት ጦርነት ያየ ነው፤ ከበባ ተፈራርቆበታል፣ መሰላል ተደግፎበታል፣ ድንጋይ ተወንጭፎበታል። ያን ሁሉ የቻለ በር ዛሬ የተዘጋው ጠላት መጥቶ አይደለም። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ምሳዋን ልትበላ ሄዳ ነው።

ልጅቷን አልወቅስም። የምወቅሰው 12፡05 ላይ የሚደርሰውን ነው። እሱ ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኛ ሐበሾቹ ነን።

የፈረንሳይ ገጠር ደንብ ለማወቅ ከባድ አይደለም። እንደ ሻምቦርና ሸኖንሶ ያሉት በሎዋር ወንዝ አካባቢ የሚገኙት ታላላቅ ቤተ መንግሥታት ምሳ አይወጡም። ምሳ የሚወጡት ትንንሾቹ ናቸው፦ በግለሰብ እጅ ያሉ ግንቦች፣ የመንደር ሙዚየሞች፣ የቱሪስት መረጃ ቢሮዎች፣ ከእነሱም ጋር ዳቦ ቤቱና ፋርማሲው። ብዙዎቹ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ጭራሽ አይከፍቱም፤ የፈረንጁን ክረምት፣ የብርዱን ወራት፣ ሙሉ የሚዘጉም አሉ። የመጨረሻው ትኬት የሚቆረጠው በሩ ከመዘጋቱ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ስለዚህ «ጠዋት ክፍት ነው» ማለት 11፡00 ላይ በሩ ላይ መገኘት እንጂ 11፡55 ላይ ከመኪና እየወረዱ ነጠላ ማስተካከል አይደለም። ምግብ ቤቱም ያው ነው። 12፡00 ላይ ያስተናግዳል፣ 13፡30 ወይም ቢበዛ 14፡00 ላይ እሳቱ ይጠፋል፤ ከዚያ እስከ ምሽቱ 19፡00 ድረስ ትኩስ ነገር ያማረው ሰው ቡና ይጠጣል። በሰማያዊ መስመር የተከለለው የመኪና ማቆሚያ እንኳ በብዙ ቦታ ከ12፡00 እስከ 14፡00 ቁጥጥር የለበትም። አስፋልቱ ሳይቀር ምሳ ይበላል። በቁጥጥሩ ሰዓት ግን የደረሱበትን ሰዓት የሚያሳይ የካርቶን ዲስክ መስታወቱ ሥር ማስቀመጥ ግድ ነው። ሲጋራ መሸጫ ሱቅ ይገኛል፣ ዋጋው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ያለ እሱ ቅጣቱ 35 ዩሮ ነው።

ሰዓቱን ማንበብም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ወረቀቷ ሲነበብላቸው፣ «በአሥራ ሁለት ሰዓትማ ይዝጉ እንጂ፣ ይመሻል እኮ። አሥራ አራት ሰዓት የሚሉት ግን ምኑ ነው?» ይላሉ። ልጅ «እማዬ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ማለታቸው ነው» ሲል ደግሞ፣ «እሱማ የምሳ ሰዓት አይደል እንዴ! ደግ አደረጉ» ይላሉ። ከመላው ቡድን ፈረንሳይ የገባቻቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የመዘግየታችን ነገር ምሥጢር የለውም። «ሦስት ሰዓት ላይ እንነሣ» ይባላል። ሦስት ሰዓት ላይ አንዱ ገና ሻወር ውስጥ ነው። ሁለተኛዋ መኪና «እየደረስን ነው» ብላ ትጽፋለች፤ ይህ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ የሚነገረው ጫማ ከማድረግ በፊት ነው። ከዚያ ጂፒኤሱ 1 ሰዓት ከ10 ያለውን መንገድ በ50 ደቂቃ ለመጨረስ ይታሰባል። የገጠር መንገድ ደግሞ እሺ አይልም። ከ2018 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) መሐሉ መከፋፈያ የሌለው ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ የፍጥነት ወሰኑ 80 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ አንዳንድ አውራጃዎች ወደ 90 መልሰውታል። ቀይ ጠርዝ ያለው የመንደር ስም ከታየ፣ ሌላ ቁጥር ካልተጻፈ በቀር 50 ነው፤ ያው ስም በቀይ መስመር ተሰርዞ እስኪታይ ድረስ። ምልክት የሌለው መገናኛ ላይ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ከቀኝ የሚመጣው ትራክተር ነው። ትራክተሩም ወደ ምሳ እየሄደ ነው።

ለዚህ ሁሉ የዘገየው ሰው መልስ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው። እንቁላሉ እኮ እየተፈለፈለ ነበር፤ ሻወር ውስጥ አልነበረም። ከአማርኛ ተረቶች አንዱን ብቻ ይዘህ ተሰደድ ብባል እኔ የምይዘው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ነው። ላይ ላዩን ስለ መቀነት ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ስለ ጉዞ ዕቅድ ነው። ተረቱ ይፈታል ብቻ አላለም፤ የሚፈታበትንም ሰዓት ነግሮናል፣ ሲሮጡ። ቤት ተመልሶ፣ በር ዘግቶ አይደለም፤ ሰው እያየ፣ አደባባይ ላይ፣ ትኬት ቆራጯ ፊት።

በአንድ ቀን ሻምቦርን፣ ሸኖንሶንና ሌላውን የሎዋር ግንብ አምቧዝን «እንጨርስ» የሚለው ዕቅድ እንዲህ ያለ መቀነት ነው። «እንጨርስ» የሚለው ቃል ራሱ ያናድዳል፤ ጠላ ነው ወይስ ግንብ? ሻምቦር ብቻውን ከ400 በላይ ክፍሎችና 282 የእሳት ምድጃዎች አሉት፤ 5,440 ሄክታር ግቢው በ32 ኪሎ ሜትር አጥር ታጥሯል። ግማሽ ቀን ያንሰዋል። የቸኮለው ሰው ግን ዝነኛውን ደረጃ ወጥቶ፣ ሰገነቱ ላይ ፎቶ ተነሥቶ፣ በ40 ደቂቃ ይወጣል። ደረጃው ሁለት ጥምዝምዝ መወጣጫዎች ተጠማዘው የቆሙበት ነው፤ ሁለት ሰዎች በየራሳቸው ሲወጡ በመስኮቶቹ ይተያያሉ እንጂ አይገናኙም። ይህን ለማየት ተከፋፍሎ መውጣት ያስፈልጋል። እኛ ተያይዘን በአንዱ እንወጣና «ታዲያ ምኑ ነው ልዩ?» እያልን ተያይዘን እንወርዳለን።

ሻምቦርን ያሠራው ፍራንሷ 1ኛ ራሱ በ32 ዓመት ንግሥናው እዚያ ያደረው 72 ሌሊት ገደማ ነው ይባላል። ቤቱ ንጉሡ በሌለበት ባዶ ነበር። ሲመጣ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የግድግዳ መጋረጃው፣ የወጥ ቤት ዕቃው አብሮት በጋሪ ይመጣል፤ ሲሄድም ተጠቅልሎ ይሄዳል። የእኛም ነገሥታት ከድንኳን ድንኳን፣ ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ሲዘዋወሩ ኖረው ነው በ1636 ፋሲል ጎንደርን መቀመጫው ያደረገው።

ጎንደር ከተነሣ ደግሞ ዝም አልልም። በየጉዞ ወኪሉ ብሮሹር ላይ ጎንደር «የአፍሪካ ካሜሎት» ናት። ካሜሎት የት ነው? የትም። የተረት ከተማ ነው። ቆሞ የሚታይ፣ ድንጋዩ የሚዳሰስ፣ በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ግቢ በሌለ ከተማ ስም ይጠራል። ሻምቦርን «የፈረንሳይ ጎንደር» ብሎ የሚያስተዋውቅ ብሮሹር እስኪታተም እንግዲህ እንጠብቃለን። ቀጥሎ «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት» ይመጣል። ፋሲል እኮ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው። ሻምቦርስ? የእንጨት ናሙናውን ሠርቷል የሚባለው ዶሜኒኮ ዳ ኮርቶና ጣሊያናዊ ነው። የደረጃው ሐሳብ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሊዮናርዶ ግንባታው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት፣ ግንቦት 1519፣ አምቧዝ ላይ ሞቷል። ሆኖም ሻምቦር የማን ነው ሲባል የፈረንሳይ ነው። ጎንደር የማን ነው ሲባል «የውጭ እጅ አለበት»። ይህን ከፈረንጅ ስሰማ እስቃለሁ። ከሐበሻ አፍ፣ ያውም ሻምቦር ሰገነት ላይ ቆሞ ከሚናገር ሰው ስሰማ ግን አልስቅም።

ደግሞስ «እውነተኛ የመካከለኛው ዘመን ከተማ ማለት ይሄ ነው» እየተባለ የሚደነቀው ምንድን ነው? የደቡብ ፈረንሳይዋ ካርካሶን። 52 ማማ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቅጥር፤ በእርግጥ ግሩም ነው። ሁሉም ፎቶ የሚያነሣው ሹል ባርኔጣ የመሰለ ጣሪያ ግን ከ1853 ጀምሮ በአርክቴክቱ በቪዮሌ ለ ዱክ እድሳት የመጣ ነው። ለደቡቡ አገር የሰሜኑን ጥቁር የድንጋይ ክዳን አለበሰው ተብሎ ብዙ ተወቅሶበታል። እኛ አንድ ማማ እንዲህ ብናድስ ምን እንባል ነበር?

ሸኖንሶን ለአዲስ አበባ ሰው ለማስረዳት ሁለት ቃል ይበቃል፤ ምትክ ቦታ። ንጉሥ አንሪ 2ኛ ቤቱን ለወዳጁ ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት፤ እሷም በሼር ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራችለት። በ1559 ንጉሡ ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ዲያንን አስነሥታ ሾሞን የሚባለውን ግንብ በምትክ ሰጠቻትና በድልድዩ ላይ 60 ሜትር አዳራሽ ሠራችበት።

የትኬቱ ነገርማ ደስ ይላል። ከ2026 ጀምሮ ሻምቦርን ጨምሮ ጥቂት ታላላቅ ቦታዎች ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ የመጣን ጎብኚ ከፍ ያለ ዋጋ ያስከፍላሉ። ላሊበላ በር ላይ «ለምን የፈረንጅ ዋጋ?» ብሎ ሲከራከር የኖረው ፈረንጅ የፈረንጅ ዋጋ አወጣ! ብቻ ፈረንጁ በዚህኛው ሰልፍ ላይ እናትየዋ ናቸው።

ከልብ የሚያናድደኝ ግን የጥንት ሰው ሥዕል ያለበት ዋሻ፣ ላስኮ፣ ነው። «ኮፒ ነው አሉ፤ እንለፈው» ይባላል። ዋሻው መስከረም 1940 ተገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለሕዝብ ሲከፈት በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ይገባው ጀመር። ሰው ይተነፍሳል። ትንፋሹ፣ ላቡ፣ ሙቀቱና መብራቱ ተባብረው 17,000 ዓመት ገደማ በደህና የኖረው ግድግዳ ላይ አረንጓዴ አልጌ አበቀሉ፣ ነጭ የኖራ ቅርፊት ጋገሩ። በ1963 ተዘጋ። ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በዋሻው አጠገብ ባለችው ሞንቲኛክ የሚታየው ቅጂ በሬዎቹንና ፈረሶቹን ከነግድግዳው እብጠትና ስንጥቅ የተከተለ ነው፤ ምክንያቱም የጥንቱ ሠዓሊ የድንጋዩን እብጠት ሆድና ትከሻ አድርጎ ተጠቅሞበታል። «ኮፒ ነው» ብሎ አፍንጫውን የሚነፋው ሰው ኮፒ ያስፈለገው በዚያው አፍንጫ የተነሣ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ የመግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ካልተያዘ ኮፒውም አይገኝም።

ከዚያ ወደ ደቡብ ከተወረደ ፓዲራክ አለ፤ መሬቱ 35 ሜትር ስፋት ባለው አፉ ተከፍቶ 103 ሜትር ወደ ታች ወንዝ ይገኛል፣ በጀልባም ይኬዳል። ውስጡ በጋ ክረምት 13 ዲግሪ ነው። ውጭ 35 ዲግሪ ስለሆነ በካናቴራ የገባ ወጣት እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፤ «ፈረንሳይ በበጋ ጋቢ ምን ያደርጋል?» ተብለው የተሳቁባቸው እናት ተከናንበው ይወጣሉ። ሮካማዱርም እንደዚያው ነው። ገደል ላይ ወደ ተሠራው መቅደስ የሚያወጣው ታላቁ ደረጃ 216 ነው፤ የድሮ ተሳላሚዎች በጉልበታቸው ይወጡት ነበር። ወጣቱ አሳንሰር እንዳለ ሲሰማ ወደዚያ ይዞራል። እናት ደረጃውን ይመርጣሉ፤ ላይ ያለችው ከእንጨት የተቀረጸች ጥቁር ማርያም ናት ተብለዋልና።

መንደሮቹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። «የፈረንሳይ ውብ መንደሮች» የሚለው ማኅበር በ1982 ሲቋቋም ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ የነዋሪው ቁጥር ከ2,000 እንዳይበልጥ ነው። ስለዚህ «ቆንጆ ነው፣ ግን ሰው የለም» የሚለው ቅሬታ መንደሩ ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

ወረቀቷ ጋ ነበርን። 12፡05 ደረስን፣ በሩ ተዘጋ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይከፈታል፤ እንጀራው፣ ቀይ ወጡ፣ ድፎው ወንዙ ዳር ይዘረጋል። በበጋ በደን አጠገብ እሳት ማንደድ ስለሚከለከል ቡናው ከፔርሙስ ነው። 14፡00 ላይ ልጅቷ መጥታ በሩን ትከፍታለች፤ ማንም አይነሣም። 15፡00 ላይ «እንሂድ እንጂ» የሚል ይነሣና ይቀመጣል። 16፡30 ላይ እናት «ሦስተኛው ሳይጠጣማ አይኬድም» ይላሉ። ከፔርሙስ በረካ የለም የሚል ክርክር ይነሣል፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ያው አንድ ቡና ነው የሚሉና የለም፣ ቁጥሩ ነው የሚሉ። የመጨረሻው ትኬት የሚቆረጠው 17፡15 ላይ ነው። በእኛ አሥራ አንድ ከሩብ።

«እየደረስን ነው።»