ሴፍትሪያክሶን የሚወጋበት ክፍል አድሬናሊን ይኑረው

ትኩሳት ይዞት ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ የገባ ሰው ደም ይሰጣል። ጥቂት ቆይቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ይባላል፤ ለ5 ወይም ለ7 ቀን በየቀኑ እየተመላለሰ የሚወጋው መርፌም ይታዘዝለታል። ይህ መርፌ ብዙውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በማጅራት ገትር፣ በከባድ የሳንባ ምች፣ ወደ ደም በገባ ኢንፌክሽን የስንቱን ሕይወት አትርፏል። የምሟገተው ስለ አሰጣጡ ነው። መርፌው ከባድ አለርጂ ቢያስነሳ ሕይወት የሚያተርፈው አድሬናሊን በእጅ በሌለበት፣ የተወጋው ሰውም 30 ደቂቃ ተቀምጦ በማይታይበት ክፍል ይህን መርፌ መስጠት መከልከል አለበት እላለሁ።

አስቀድሞ ግን ትእዛዙ ራሱ ይጠየቅ። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዚህ በፊት ታይፎይድ የነበረበት፣ የተከተበ፣ በሌላ ሕመም ያተኮሰውም ሰው «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ታይፎይድን በአስተማማኝ የሚለየው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሚወሰድ የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ ነው። የታይፈሱ ደግሞ ይብሳል። ዌይል ፌሊክስ የሚባለው ምርመራ ከዊዳል የተሻለ አይደለም፤ በሽታው በእርግጥ ታይፈስ ቢሆን እንኳ ሴፍትሪያክሶን አይነካውም። ታይፈስን የሚያመጣው ሪኬትሲያ በሴሎች ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ ያውም በአፍ የሚዋጥና ርካሽ። እንግዲህ «ለሁለቱም ይሆናል» ተብሎ የሚወጋው መርፌ ለአንደኛው ጨርሶ አይሆንም። ለጉንፋንማ ጭራሽ ቦታ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ፀረ ባክቴሪያዎችን በምድብ ሲከፍል ሴፍትሪያክሶንን ጥንቃቄና ክትትል ከሚሹት ጋር ያሰለፈው፣ በየትኩሳቱ ከተሰጠ ባክቴሪያው ይለምደውና ለማጅራት ገትር በሚፈለግበት ቀን ስለሚከዳን ነው።

መድኃኒቱ በትክክል ታዘዘ እንበል። ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም። በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ በ10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይበጠበጣል። ቀለሙ ፈዘዝ ካለ ቢጫ እስከ ማር መልክ ቢያሳይ ችግር የለውም፤ የደፈረሰ ወይም ቅንጣት የሚታይበት ግን ይጣላል። ከዚያ ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ወስዶ ቀስ እየተባለ ይገፋል፤ 5 ደቂቃ ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። 2 ግራም ከሆነ ደግሞ በ30 ደቂቃ ቢንጠባጠብ ይመረጣል። ወረፋ በበዛበት ክፍል ይህ ጊዜ ወደ ግማሽ ደቂቃ ያጥራል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፈጥኖ ሲገፋ የደም ሥሩ ይቃጠላል፣ ልብ ይመታል፣ ላብና መቅበዝበዝ ይመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ሰውነቱ መድኃኒቱን የሚጠላ ሰው የመጀመሪያውን ምልክት ሲያሳይ ቀስ ብሎ የሚገፋ ነርስ ግማሹን አስቀርቶ ያቆማል፤ የቸኮለው ግን ሙሉውን ጨርሶ ሲሪንጁን ጥሏል።

ተሰቅሎ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ሁሉ በሕዝቡ አፍ «ጉሉኮስ» ነው። ለሴፍትሪያክሶን ግን የፈሳሹ ዓይነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከሚንጠባጠቡት ፈሳሾች አንዱ የሆነው ሪንገር ላክቴት ካልሲየም አለው፤ ካልሲየምና ሴፍትሪያክሶን ሲገናኙ ጠጣር ዝቃጭ ይሠራሉ። ሁለቱን የወሰዱ አራስ ሕፃናት ሞተው ዝቃጩ በሳንባና በኩላሊታቸው ከተገኘ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ዕድሜው ከ28 ቀን ያልበለጠ፣ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ የሚወስድ ወይም ሊወስድ የሚችል ሕፃን ሴፍትሪያክሶን አይሰጠውም፣ በሌላ ክንድ ተለይቶ ቢሰጥም እንኳ። ቢጫ የሆነ አራስም አይወስደውም፤ መድኃኒቱ ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን ከፕሮቲን አላቆ ወደ አንጎል እንዲገባ ያደርጋል። ለአራስ ኢንፌክሽን በቅድሚያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን እያሉ ይህን አደጋ የምንጋብዝበት ምክንያት የለም። በትልልቆቹም ቢሆን በአንድ መስመር አብረው መንጠባጠብ የለባቸውም፤ ሪንገሩ ይዘጋል፣ መስመሩ በኖርማል ሳላይን ይታጠባል፣ ከዚያ ሴፍትሪያክሶኑ ይገባል።

በጡንቻ ሲሰጥ ያማል፤ ለዚህም 1 ግራሙ በ3.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ባለ 1 በመቶ ሊዶካይን ይበጠበጣል። በመደርደሪያው ያለው ባለ 2 በመቶ ብቻ ከሆነ በእኩል መጠን የመርፌ ውኃ ይቀጥናል። አድሬናሊን የተቀላቀለበት የጥርስ ሐኪሞች ሊዶካይን አይሆንም። በአንድ ቦታ ከ1 ግራም በላይ አይወጋም። በመቀመጫ ላይ ከሆነ የላይኛው የውጭ ሩብ ብቻ ነው፤ ወደ መሃል ከገባ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ሊመታና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። ለትንንሽ ልጆች የጭኑ የውጭ ጎን ይሻላል። በሊዶካይን የተበጠበጠ መድኃኒት በምንም ምክንያት ወደ ደም ሥር አይገባም፤ የልብን ምት ያዛባል፣ ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የበጠበጠችው ነርስ ሳትወጋ ፈረቃ ከተለወጠ፣ በምን እንደተበጠበጠ ያልተጻፈበት ሲሪንጅ መጣል አለበት።

አሁን ወደ አድሬናሊኑ። ከመርፌው በፊት «አለርጂ አለብህ?» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ብዙ ሰው ቃሉን ለአቧራና ለምግብ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ መርፌ ወስደህ ሰውነትህ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮህ፣ ወድቀህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። በፔኒሲሊን ቀላል ሽፍታ የወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶንን ይችላል፤ ትንፋሹ ያጠረ ወይም ራሱን የሳተ ግን ሐኪም ሳይወስን አይወጋ። አንዳንድ ቦታ ትንሽ ጠብታ ከቆዳ ሥር ወግቶ መጠበቅ ተለምዷል። ቆዳው ባያብጥ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ በዚያ ተማምኖ ያለ አድሬናሊን መቀጠል የውሸት ዋስትና ነው። በፊት 3 ጊዜ ተወግቶ ምንም ያልሆነ ሰውም በ4ኛው ሊወድቅ ይችላል።

የከባድ አለርጂ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣሉ፦ የመዳፍ ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ የድምፅ መሻከር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ዓይን መጨለም። መድኃኒቱ ወዲያው ይቁም፣ ታማሚው ይተኛና እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ከወገቡ ቀና ይበል እንጂ ተነስቶ አይራመድ። 1 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር የሆነው አድሬናሊን በጭኑ የውጭ ጎን ጡንቻ ውስጥ ይሰጣል፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 0.3፣ ከ6 ዓመት በታች 0.15። ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገማል፤ ኖርማል ሳላይንም በፍጥነት ይሰጠዋል። በተደጋጋሚ የሚሠራው ስህተት መጀመሪያ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ወይም ሃይድሮኮርቲዞን የተባሉትን ስቴሮይዶች መፈለግ ነው። እነዚህ ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃሉ፤ የሚዘጋው ጉሮሮ ሰዓታት አይጠብቅም።

ብልቃጡን ከፋርማሲ ገዝቶ ለጎረቤት ነርስ ቤት ድረስ የሚወስድ ሰው ይህ ሁሉ የለውም። ነርሷ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ሶፋ ላይ አድሬናሊን የለም። ቤተሰብም መርፌውን በቀን 2 ጊዜ አስወጉ ሲባል ይጠይቅ፤ መድኃኒቱ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው 8 ሰዓት ገደማ ወስዶ ስለሆነ፣ ማጅራት ገትርን ከመሰለ ከባድ ሕመም በስተቀር በቀን አንዴ 1 ወይም 2 ግራም ለብዙው ይበቃል። በሕክምናው መካከል ድንገት የገረጣ፣ ሽንቱ የጠቆረ ሰው ቀጣዩን መርፌ ሳይወስድ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ቀይ የደም ሴሎችን ያስፈርሳል።

ጉዳት ሲደርስ የብልቃጡ ባች ቁጥር (የምርት መለያው) በታማሚው ካርድ ላይ ተጽፎ ካልተገኘ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን የአሰጣጡ መለየት ያስቸግራል። ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከው የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያ ቢጫ ቅጽም ያለዚህ ቁጥር ጎዶሎ ነው። ለክሊኒኮች ፈቃድ የሚሰጡና የሚያድሱ የክልልና የከተማ ተቆጣጣሪዎች ግድግዳውንና የክፍሉን ስፋት ከለኩ በኋላ የመርፌ ክፍሉን መሳቢያ ይክፈቱ፤ የአድሬናሊኑን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያንብቡ። ከዚያ ተረኛዋን ነርስ፣ የ5 ዓመት ልጅ አሁን እዚህ ቢወድቅ ስንት ትቀጃለሽ ብለው ይጠይቁ። 0.15 ሚሊ ሊትር ብላ ካልመለሰች፣ ሥልጠናው እስኪሰጥ ድረስ የክፍሉ ሴፍትሪያክሶን ይቆለፍ።